የጋሽ እንድሪስ ሸራ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከባለቤቴ ከጥሩወርቅ ጋር የምር የተጣላነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በበግ ምክንያት። ለበዓል የገዛነውን በግ ጓሮ ወስደህ እሰረው አለችኝ፤ ወስጄ አሰርኩት። ጠዋት ስንነሣ በጉ ገመዱን እየጎተተ የጎረቤታችንን ጎመን ጨርሶ ወደ ሰላጣው ተሻግሯል።

"አንተ ሰውዬ! ዕድሜ ልክህን ገመድ ይዘህ ኖረህ አንድ በግ ማሰር ያቅትህ?" ብላ ጮኸችብኝ።

እኔ ምን ላድርግ? እጄ የሚያውቀው ቋጠሮ አንድ ነው። የፈለገ ክብደት ቢጎትተው የማይላላ፣ ጭራውን አንዴ ሳብ ቢያደርጉት ግን ተፈትቶ እጅ ላይ የሚቀር ቋጠሮ። በጉ ጭራውን አገኘዋ! ጥሩወርቅ ጎረቤት ለጎረቤት ይቅርታ ስትጠይቅ ዋለች። እኔ ግን በልቤ በጉን አደነቅሁት። የጀልባ አለቃዬ የነበሩት ጋሽ አንሙት ቢኖሩ ኖሮ ይቀጥሩት ነበር።

እንግዲህ ከበጉ ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው። ደሳለኝ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ብቸና ነው፤ አሁን የምኖረው ሞጣ ነው። በመካከሉ ያለውን ዕድሜዬን የፈጀሁት ግን ከሁለቱም ከተሞች ቁልቁል ወርዶ፣ ቆላው ውስጥ፣ ዓባይ ዳር ነው። ሥራዬ በጀልባ ማሻገርና የሰጠመ ዕቃ ማውጣት ነበር። ሞተር ያለው ጀልባ እንዳይመስላችሁ። ከዋንዛ ሳንቃ የተሠራ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ከወዲህ ዳር እስከ ወዲያ ዳር በተዘረጋ ትልቅ ገመድ ላይ እናያይዘውና ገመዱን በእጃችን እየሳብን እናሻግረዋለን። ነጋዴው ከወዲህ ጨርቅ፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ይዞ ይሄዳል፤ ከወዲያ ማርና ፍየል ይዞ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጀልባው ይገለበጣል። ያን ጊዜ የነጋዴውን ንብረት ከዓባይ ሆድ የምናወጣው እኛው ነን። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ከተከፈለበት ወር ያልተከፈለበት ይበዛል ብዬ ልለፈው።

ጋሽ አንሙት የጀልባው አለቃ ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጠሪያቸው ራሱ ጣጣ ነበረው። መሐል ወንዝ ላይ ሆኜ "አንሙት! ጋሽ አንሙት!" ብዬ ስጣራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻገር መንገደኛ ብድግ ይልና ማተቡን ይይዛል። አንዲት እናት እንዲያውም፣ "ማን እንሙት አለህ፣ አንተ ሟርተኛ!" ብለው በዘንጋቸው ሊሉኝ ነበር። ስም መሆኑን ስነግራቸው ሳቃቸው አላቆም አለ። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ሁሉ ለመደውና ጀልባ ላይ እግሩን ሲያነሣ "አንሙት!" ይላል፤ የተሳፈረው "አሜን!" ይላል። ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲያ ነበር የሚለው።

ጋሽ አንሙት በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ያቋረጡ ሰው ናቸው። ለምን እንዳቋረጡ ሲጠየቁ፣ "ወርቁን ፍለጋ ወንዝ ገባሁ፣ ሰሙ ቀለጠብኝ" ይሉ ነበር። ቅኔውን ትተውት ይሆናል እንጂ ቅኔው እሳቸውን አልተዋቸውም። ጠዋት ከጎጇቸው ወጥተው መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ዓባይን ነው። "እንዴት አደሩ?" ይሉታል፣ በአንቱታ። እኛም በአንቱታ ካልጠራነው ፊት ይነሡናል። አንድ ቀን ረስቼ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ዓባይ ሞልቷል" ብላቸው፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ "ሞልተዋል!" ብለው አረሙኝ።

ገመዱን ደግሞ በጆሯቸው ነበር የሚያውቁት። ከሥራ በፊት ውኃ ያጠጡታል፤ ደረቅ ቃጫ ሲሳብ ይሰባበራላ። ከዚያ ቁጭ ብለው ጆሯቸውን ይደግፉበታል። ደህና ገመድ በዝግታ ያጉተመትማል። ሊበጠስ የደረሰ ገመድ ድምፁ ይቀጥናል፣ እንደ ትንኝ ይሆናል። እኔ ያንን ለመስማት ስንት ዘመን ፈጀብኝ! መጀመሪያ ላይ የሰማሁት የራሴን ሆድ ብቻ ነው።

በሥራ ላይ ከአፋቸው የሚወጣው ሁለት ቃል ነው፤ "ያዝ" እና "ለቀቅ"። ያዝ ሲሉ እንጨብጣለን። ለቀቅ ሲሉ ለወንዙ ጥቂት እንሰጠዋለን። አስተውሉ፤ ልቀቅ አይሉም፣ ለቀቅ ነው። ልቀቅ ካሉህ ገመዱን ጥለህ ትሄዳለህ። ለቀቅ ሲሉህ ግን እጅህ ከገመዱ ላይ አይነሣም፤ ታላላለታለህ እንጂ አትተወውም። ጋሽ አንሙት በኖሩበት ዘመን ሁሉ "ልቀቅ" ብለው አዝዘው አያውቁም። ቃሉ ዓባይ ዳር ነውር ነበር ማለት ይቻላል።

በዚሁ ቃል የደረሰብንን ልንገራችሁማ። የጀልባ ማኅበራችን ሊቀመንበር ለግምገማ ሰበሰበንና፣ "የእናንተ ሥራ ያዝ ለቀቅ ነው! ወጥነት የለውም!" ብሎ አፈጠጠብን። ጋሽ አንሙት ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወገባቸውን አጎንብሰው እጅ ነሡት። "እግዜር ይስጥልን። እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጎ ያመሰገነን አለቃ አልነበረም" አሉት። ሊቀመንበሩ ሂሱን የዋጡለት መስሎት አስጨበጨበላቸው። እኔ ሳቄን ለማፈን ምላሴን ነክሼ ደምቷል።

ሥራ የጀመርነው ከብቸና ቁልቁል ባለው መሻገሪያ ነበር። እዚያ ሳለን አንድ ተጠራጣሪ ነጋዴ መጣ። ጆንያዎቹን አፋቸውን ሰፍቶ አምጥቷል።

"ምንድን ነው የጫንከው?" አልነው።

"ዕቃ ነው።"

"ምን ዕቃ?"

"የእኔ ዕቃ!"

ጀልባው ዳር ሊደርስ ሲል ድንጋይ መታና ተገለበጠ። ሰዉ ወጣ፤ ጆንያው ሰጠመ። ያን ለት ውኃው አላስገባን አለ፣ በማግስቱ ገባን። ጠልቄ ስዳብስ ጆንያው አለ። ሳወጣው ግን ባዶ ነው! ሌላውም እንዲሁ፤ ስፌቱ እንዳለ፣ ውስጡ ባዶ። እኔ በበኩሌ ጋኔን ገባበት ብዬ ሦስት ጊዜ አማተብኩ። ነጋዴው ጭንቅላቱን ይዞ፣ "ጨዌን! ጨዌን!" እያለ መጮህ ጀመረ። ለካ ጨው ነው! ሌሊቱን ሟሙቶ ሄዷል። ጋሽ አንሙት ጎንበስ ብለው ከወንዙ በእፍኛቸው ጨልፈው ቀመሱና፣ "እንግዲህ ዛሬ ዓባይ ጨዋ ሆነዋል" አሉ። ነጋዴው ራሱ እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የጫነውን ያልነገረንን ሰው አላሻገርንም።

በኋላ ማኅበሩ ጋሽ አንሙትንና እኔን ወደ ሞጣው መሻገሪያ አዛወረን። ዋናው ነገር የሆነው እዚያ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ሞጣ ገበያ ላይ ሱቅ የነበረው ነጋዴ ነው። አባቱም አያቱም እዚያው ነግደው የኖሩ ናቸው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ግን አንቱ ስለው፣ "አንቱታህን ለዓባይህ ስጠው!" ብሎ ይቆጣኛልና አንተ ነው የምለው። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አሰብ ድረስ ወርዷል። ከአሰብ ያመጣው ንብረት ወሬ ብቻ ነው። ጀልባችን ላይ በወጣ ቁጥር፣ እኛ ገመድ ስንስብ እያየ ይስቅብናል።

"እኔ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ብነግራችሁ!" ይላል። "አሰብ ላይ ጀልባው ሸራ ይሰቅላል። ነፋሱ ሸራውን ይሞላዋል። ጀልባው ይበራል፣ ወላሂ! ሰዉ እጁን አጣጥፎ ቁጭ ነው። ነፋሱ ነው ኩሊው!"

ጋሽ አንሙት ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንደ ልጅ ይበራል። "እስቲ ድገመው፣ እንድሪስ" ይሉታል።

ታዲያ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ወፍጮ አልነበረውም። ሴቶቹ እህላቸውን በአህያ ጭነው፣ በእኛ ጀልባ ተሻግረው፣ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥተው ነው የሚያስፈጩት። ያልቻለችው እቤቷ በድንጋይ ትፈጫለች። ጋሽ እንድሪስ ይህን ሲያይ ኖሮ አንድ ቀን ቆረጠ፤ የአባቱን ሱቅ ሸጠና የናፍጣ ወፍጮ ገዛ። ሚስቱ ዘይነባ ምላሷ ስለት ነው። "ወፍጮው ካልፈጨ የምንፈጨው እኛ ነን፤ ይወቀው" ብላን ነበር። እውነቷን ነው። ሱቁ ሄዷል። ያ ወፍጮ ማዶ ካልተሻገረ፣ ሞጣን ለቅቀው ወንድሟ ቤት ጥገኛ ከመሆን በቀር መግቢያ የላቸውም።

ወፍጮው በአይሱዙ መንገዱ እስከቻለው ወርዶ፣ ከዚያ በሸክም ወንዙ ዳር ደረሰ። ጋሽ እንድሪስ ከወፍጮው ጋር የአይሱዙውን ሸራ ይዞ ነው የመጣው። አጥፎ ታቅፎታል።

"ጋሽ አንሙት፣ እስቲ ይህን እንሞክረው" አለ።

እውነቱን ልናገር፤ ማንም ተው አላለም። ጋሽ አንሙትም ጓጉተዋል፣ እኔም ጓጉቻለሁ። ከሰዓት በኋላ በሸለቆው ውስጥ ሁልጊዜ ነፋስ አለ፤ ለምን በከንቱ ይሂድ? የባሕር ዛፍ ግንድ ቆርጠን ጀልባው መሐል ላይ ተከልን። "ስሙ ራሱ የባሕር ነው፣ ያውቅበታል" አሉ ጋሽ አንሙት። ሸራውን ሰቀልን፣ ጀልባውን ከትልቁ ገመድ ፈታነው፣ ባዶውን ለሙከራ ወጣን። የሸራውን የታችኛውን ገመድ ጋሽ አንሙት በእጃቸው ይዘዋል፤ ነፋሱ ሲበረታ ለቀቅ፣ ሲደክም ያዝ።

ወይ ጉድ! በረርን እኮ! የአይሱዙው ሸራ ሆዱን ነፋ፣ ጀልባው ውኃውን ሰንጥቆ ማዶ ደረሰ፣ እኔ መቅዘፊያ እንኳ አልነካሁም። ማዶ ያሉ ሴቶች እልል አሉ። ጋሽ እንድሪስ ጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ፣ "ነፋሱ ነው ኩሊው! አላልኩም?" እያለ ይዘላል። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም ብል ጥሩወርቅ ትቀየመኛለች፤ የሰርጌ ቀን እንኳ አይደርስበትም።

በማግስቱ ወፍጮውን ጫንን። ጀልባው ከበደ፣ ስለዚህ ጋሽ አንሙት ወደ ኋላ ሄደው መሪውን እንጨት መያዝ ነበረባቸው። የሸራው ገመድ ለጋሽ እንድሪስ ተሰጠ። እንግዲህ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። እሱ የጭነት ረዳት ነው። ሸራ ለእሱ ጭነት የሚሸፈንበት ነገር ነው። የጭነት ሸራ ደግሞ ነፋስ እንዳይገልጠው በጉልበትህ ረግጠህ፣ በጥርስህ ስበህ፣ ድርቅ አድርገህ ነው የምታስረው። በዚያ ሁሉ የአሰብ መንገድ ሸራው ተገልጦበት እንደማያውቅ ሲኩራራ ኖሯል። ገመዱን ተቀበለና እንደለመደው ጀልባው ጎን ላይ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

መሐል ወንዝ ስንደርስ ነፋሱ ድንገት በጎን መጣ። ጀልባው አጋደለ።

"ለቀቅ!" አሉ ጋሽ አንሙት።

"ታስሯል!" አለ ጋሽ እንድሪስ።

"ታዲያ ፍታዋ!"

"እንዴት ልፍታው? የአሰብ ቋጠሮ ነው!"

ቢላ አውጥቼ ሳልደርስ ውኃው ገባ። ወፍጮው ተንሸራተተ፣ እኛም አብረን ሄድን። የማንም ነፍስ አልጠፋም፤ ወንዙ ወስዶ ወስዶ አሸዋው ላይ ተፋን። የጋሽ እንድሪስ ቆብ ከራሱ ላይ እንኳ አልወለቀም። ባዶው ጀልባ ከታች ድንጋይ ላይ ተሰክቷል፤ ሸራው እንደታሰረ ነው። ወፍጮው ግን ከነሞተሩ ከነድንጋዩ ታች ወርዷል። ጋሽ እንድሪስ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። አንጀቴን በላው።

ዘይነባ ወሬውን ሰምታ ከሞጣ እየሮጠች ወረደች። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ነፍስህ ተርፋለች?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ሸራውስ?"

"ሸራውም አለ።"

"እንግዲያማ ምን አለ፣ ቤት ስናጣ ድንኳን አለን" አለች። ሁላችንም ሳቅን። ቀና ብዬ ሳያት ግን ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ጊዜ የለንም። ግንቦት እያለቀ ነው። ላይ አገር ዝናብ ከጣለ ዓባይ ይደፈርስና ይሞላል፤ ያን ጊዜ አሸዋው ወፍጮውን ይቀብረዋል። ጠልቄ አገኘሁት፤ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ተጋድሟል። ገመድ አሰርንበት። ሊቀመንበራችንም መጥቶ ነበርና፣ "በሬ እያለ ሰው ምን ይደክማል? በጥማድ ጥማድ አስወጡት" አለ። ጋሽ አንሙትም ጥቂት አስበው እሺ አሉ። ገበሬዎቹ ከነበሬዎቻቸው ወረዱ።

በሬዎቹ ጎተቱ። ወፍጮው ተነቃነቀ፣ መጣ መጣና ቋጥኙ ላይ ተያዘ። ጋሽ አንሙት ጆሯቸው ገመዱ ላይ ነበር። ድምፁ ሲቀጥን ሰሙና፣ "ለቀቅ! ለቀቅ!" ብለው ጮኹ። በሬ ግን ሰው ሲጮህበት የሚያውቀው መጎተትን ነው። ይባስ ብሎ ተጠናከረ። ገመዱ ተበጠሰ፣ ተወንጭፎ ተመለሰና የጋሽ አንሙትን ቀኝ ክንድ ሰበረው። ወፍጮው ተንከባልሎ ከበፊቱ ወደሚጠልቅ ቦታ ገባ።

ያ ቀን በሥራ ዘመኔ የከፋው ቀን ነው። ወጌሻው ክንዳቸውን ሲያስር ጋሽ አንሙት ጥርሳቸውን ነከሱ፤ እኔ ነኝ እንደ ሕፃን ያለቀስኩት። ጋሽ እንድሪስ አጠገባቸው ተንበረከከ።

"ጋሽ አንሙት፣ ይብቃ። ክንድዎ ከወፍጮዬ ይበልጣል። አሏህ ያልፈቀደውን እኔ ማን ነኝ?"

"አሏህ ከለከለህ? የከለከለን የበሬ ሞኝነት ነው፤ የእኔም አለበት" አሉት። "በሬ ያዝ ያውቃል፣ ለቀቅ አያውቅም። አንተም ያን ለት በሬ ሆነህ ነው። በል ና፣ ቋጠሮ ላስተምርህ።"

በግራ እጃቸው፣ አሸዋው ላይ ተቀምጠው አስተማሩት። እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጭራው ለምን ከውጭ እንደሚተው። ጋሽ እንድሪስ ያስራል፣ እሳቸው ሳብ ያደርጉታል፤ ካልተፈታ በግራ እጃቸው ኩርኩም። "ቋጠሮ የሚመሰገነው ሲታሰር አይደለም፣ ሲፈታ ነው!" ይሉታል። ወደ ማታ ላይ አንዴ ሲሳብ የሚፈታ ቋጠሮ አሰረ። እንደ ሙሽራ ደስ አለው።

ለሁለተኛው ሙከራ ዘይነባ የወዲህኛውንም የወዲያኛውንም መንደር ዞራ ባዶ ስልቻ ሰበሰበች። ማዶ ያሉት ሴቶች የእህል ስልቻቸውን አራግፈው ላኩ። አሳቡ ይህ ነው፤ ስልቻው በትንፋሽ ከተሞላና ወፍጮው ላይ ከታሰረ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ይቀልላል። አንዱ ጎልማሳ ከስልቻ ጀሪካን ይሻላል ብሎ ክርክር አነሣ። ጋሽ እንድሪስ፣ "ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ! ትንፋሽ የሚይዝ ነገር ሁሉ ይምጣ!" ብሎ ገላገለን። ጀሪካኑም መጣ።

ወፍጮውን በምን እንያዘው ሲባል ጋሽ እንድሪስ ተነሣና ያንን ሸራ አመጣው። ሞተሩን ከነድንጋዩ በሸራው እንደ ሕፃን አዘልነው። ቋጠሮውን እሱ ራሱ ጠልቆ አሰረው። እኔና ሌሎቹ ጠላቂዎች ደግሞ አፋችንን በአየር ነፍተን እንጠልቅና ትንፋሻችንን ስልቻው ውስጥ እንተፋዋለን፣ ወጥተን እንደገና። አዞ ይፈራ ነበር። ጋሽ አንሙት ግን፣ "ዓባይን አንቱ ያለ ሰው አይነካም፣ ግቡ!" እያሉ ከዳር ያበረታቱናል። ራሴ ዞረብኝ። ያን ለት የተነፈስኩት ለራሴ አልነበረም፣ ለዘይነባ ወፍጮ ነው።

የገመዱን ሌላ ጫፍ ከላይ በኩል፣ ዳር ላይ ካለው፣ የጀልባው ትልቁ ገመድ ከሚታሰርበት የዋንዛ ምሰሶ ጋር ሁለቴ ጠመጠምነው። ሁለት ዙር ከተጠመጠመ አንድ ሰው ትልቅ ክብደት መያዝ ይችላል። ዋናው ነገር ግን አንጎትትም። ወፍጮው ከመሬት ብድግ ካለ ዓባይ ራሱ ገፍቶ ወደ ዳር ያመጣዋል፤ የእኛ ሥራ እንዳይወስደው መያዝና ቋጥኙን እንዲያልፍ ማላላት ነው። ጋሽ አንሙት ክንዳቸው አንገታቸው ላይ እንደታሰረ ምሰሶው ሥር ተቀመጡ፣ ጆሯቸውን ገመዱ ላይ አደረጉ። ገመዱን የያዝነው እኔና ጋሽ እንድሪስ ነን።

"ያዝ!"

ገመዱ ተወጠረ። ታች ወፍጮው ተነሣ፤ መዳፌ ላይ ተሰማኝ።

"ለቀቅ።"

ጥቂት ሰጠነው። ጋሽ እንድሪስ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፣ ቢስሚላሂ እያለ ነው። ወፍጮው ቋጥኙ ጋ ሲደርስ ገመዱ ማንሾካሾክ ጀመረ። ድምፁ ቀጠነ። የጋሽ እንድሪስ እጅ ድርቅ አለ። አየሁት፤ ሊይዝ ነው፣ ያለ የሌለ ንብረቱ እኮ ነው ጫፉ ላይ ያለው! ሰው ንብረቱ ሲሄድበት እንዴት ያላላል?

"እንድሪስ" አሉት ጋሽ አንሙት፣ በቀስታ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ለቀቅ።"

ዓይኑን ጨፈነና አላላ። ገመዱ ተንሸራተተ፣ ወፍጮው ቋጥኙን ዞረ፣ ዓባይም ተቀብሎ አሽከርክሮ ወደ ዳር፣ ውኃው ወደሚረጋበት ጥግ ገፋው። መጀመሪያ የወጣው የስልቻዎቹ ጀርባ ነው፣ ቀጥሎ ሰማያዊው ሸራ። ዘይነባ እልልታዋን አቀለጠችው። ማዶ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት፣ ሸለቆው አስተጋባ። ጋሽ እንድሪስ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ የቋጠሮውን ጭራ ሳብ አደረገው። ሸራው ተከፈተ። ወፍጮው ቁጭ ብሏል።

"ተፈታ!" ብሎ ጮኸ። "ጋሽ አንሙት፣ ተፈታ!" ስለ ወፍጮው እኮ አይደለም፣ ስለ ቋጠሮው ነው።

ዓባይ ብዙም ሳይቆይ ደፈረሰ። ከሞጣ የመጣው መካኒክ ሞተሩን በትኖ በናፍጣ አጠበው፣ ሲገጣጥመው አንድ ብሎን ተረፈው፤ እስከ ዛሬ የት እንደነበረ አላወቀም። ሞተሩ ግን ተነሣ። በጀልባው ተሻገረ፣ ያለ ሸራ፣ በገመድ። ማዶ ሆኖ ቱክ ቱክ ሲል የሰማን ለት ጋሽ አንሙት ከጎጇቸው ወጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ "እግዜር ይስጥልን" አሉት ዓባይን።

ጋሽ አንሙት በኋላ ብቸና፣ ልጃቸው ቤት፣ በሰላም አረፉ። መሻገሪያው ላይ አለቃ ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ። እንደሳቸው ቅኔ ባልችልም ሁለቱን ቃል አልጣልኩም። ቃጫው በናይለን ተለወጠ፣ ሊቀመንበሮቹም ተለዋወጡ። በመጨረሻ ድልድይ ተሠራ። ዛሬ ነጋዴው ዓባይን ሲሻገር ስልኩን እያየ ነው። ደግ ሆነ! ጀልባ ውስጥ ማተቡን ጨብጦ የተንቀጠቀጠ ሰው ይህን አይቃወምም። ሥራዬ አበቃ፤ የቀረው ያንን ትልቁን ገመድ ማንሣት ብቻ ነበር።

ገመዱን ጋሽ እንድሪስ ለመነኝ። አሁን ሐጂ እንድሪስ ነው፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ ማዶ ወፍጮው አጠገብ ቤት ሠርቶ ይኖራል። የአስፈጪዎችን አህያ አስርበታለሁ አለ። ስለዚህ ከእኔ በኩል ይፈታል፣ እሱ ማዶ ሆኖ ከጎረምሶቹ ጋር ይስበዋል። የዋንዛው ምሰሶ ጋ ሄድኩ። የቋጠሮውን ጭራ ሳብ አደረግሁት፤ ወዲያው ተፈታ። አሁን የያዘው በምሰሶው ላይ ያለው ዙርና የእኔ እጅ ብቻ ነው።

"ለቀቅ!" አለ ከማዶ።

ጥቂት ሰጠሁት።

"ለቀቅ!"

ጥቂት ጨመርኩ። ዙሩ አለቀ፣ ጫፉ መዳፌ ውስጥ ገባ። ጎረምሶቹ ሳቡ፣ እኔም ያዝኩ። ምን ላድርግ፣ እጄ እምቢ አለኝ! ጋሽ አንሙት ከኋላዬ የተቀመጡ መሰለኝ፤ ዞሬ አየሁ እኮ። ማዶ ያሉት መሳቅ ጀመሩ። ሐጂ እንድሪስ ግን አልሳቀም። እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

"ደሳለኝ! ወንድሜ! ልቀቅ!"

ዓባይ ዳር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ያንን ቃል ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያንን የአሰብ ቋጠሮ ያሰረው ሰው ነው ዛሬ ልቀቅ የሚለኝ።

እጄን ከፈትኩ። ገመዱ ውኃው ላይ ተዘረጋ፣ ትንሽ ዋኘ፣ ወደ ማዶ ሄደ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

"በደህና ይዋሉ" አልኳቸው ዓባይን።